በመስኮቴ ላይ ስለ ተሰቀለው «ብርሃን»

ይድረስ ለክቡር አቶ ኃይለ መለኮት፣
የመንደራችን ጽዳትና ውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጉለሌ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ያ ስብሰባ ሲረዝም የሚነሳብዎ ሳል፣ ሁሉም እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገንና ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም አልፌ ደስ ብሎኛል። ይህን የምጽፍልዎ በስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጬ፣ አምፖል ሳላበራ፣ ፊደሉ ወለል ብሎ እየታየኝ ነው። ምን ተገኘ ቢሉ፣ ብዕር ያነሳሁት እሱን ለማስረዳት ነው።

«ባነራችንን የቀደደውን ግለሰብ የሚያውቅ ለኮሚቴው ይጠቁም» የሚለውን ማስታወቂያዎን እድር ቤቱ በር ላይ አነበብኩት። ግለሰቡን አውቃታለሁ፤ እኔ ነኝ። «የቀደደው» የምትለዋን ቃል ግን አልቀበልም። እድሜዋን ሙሉ ልብስ የሰፋች ሴት ሸራ አትቀድድም፤ በመቀስ ቆርጬ፣ ዳር ዳሩን አጥፌ፣ በወፍራም ክር ዘምዝሜዋለሁ። ቀረብ ብለው ቢያዩት የሱሪዎ ጫፍ እንኳ እንደዚያ አምሮ አልተሰፋም።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ከማስታወቂያዎ ጎን ስለምለጥፈው፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ቤቴ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቀጨኔ በሚወስደው አቀበት መንገድ ዳር ነው። የምሠራው የሀገር ልብስ ስፌትና ጥልፍ ሲሆን፣ የሥራ ክፍሌ ያላት መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ መንገዱ ነው። ኮሚቴው ለጽዳት ዘመቻው «ሁላችንም ለመንደራችን ብርሃን እንሁን» የሚል ረጅም ባነር አሠራና አንዱን ጫፍ ከምሰሶ፣ ሌላውን ከእኔ ግድግዳ አሰረ፤ «ብርሃን» የምትለዋም ቃል ልክ መስኮቴ ላይ አረፈች። ዘመቻው በግማሽ ቀን አለቀ። ባነሩ ግን ክረምት ገብቶ እስኪወጣ ከእንጦጦ በሚወርደው ነፋስ እየተራገበ፣ ብርሃን በምትለው ቃል ብርሃኔን ጋርዶ ከረመ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ባነሩ ይነሳልኝ ብዬ ደጅ የጠናሁ ዕለት «አምፖል አብሪያ ወይዘሮ ሰርካለም! በቀን ማብራት ተከልክሏል እንዴ?» ብለው መከሩኝ። እኔም ታዛዥ ነኝና ሽቦ አስቀጥዬ አንዱን ቢጫ አምፖል ከጣሪያው አወረድኩት። በቀኜ ሳደርገው የእጄ ጥላ መርፌው ላይ ይተኛል፤ በግራዬ ሳደርገው የመኪናዋ አንገት ያጠላል፤ አናቴ ላይ ሳደርገው ደግሞ ፀጉሬን ጠበሰኝ። በቃ፣ ክፍሌ በበግ ጠጉር ሽታ ታወደ!

ሁለተኛ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ስብሐትም ያመሰግንዎታል። ብርሃን በበር በኩል እንዲገባልኝ ብዬ የቁም ሳጥኔን መስታወት ነቅዬ ደጃፍ ላይ አቆምኩት። ፀሐይ መስታወቱን ነክታ እኔ ክፍል ትገባለች ስል፣ ጋሽ ስብሐት በረንዳው ላይ ፂሙን ሲላጭ ዓይኑ ውስጥ ገባች። እስካሁን ሪዙ በአንድ በኩል የለም። ስለ ኮሚቴው የተናገረውን በቃሉ ብጽፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ሕፃናትም ያነባሉ።

ሦስተኛውን እንኳ መሳቅ ያቅተኛል። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ለሟች ባለቤታቸው የአርባ ቀን መታሰቢያ፣ ጥቁር ጥልፍ ያለው ነጭ ቀሚስ አዘዙኝ። በዚያ በመከሩኝ አምፖል ስር ጥቁሩ ክርና ጠቆር ያለው ወይን ጠጅ አንድ ናቸው። ጠለፍኩላቸው፤ እሳቸውም እዚያው ክፍል ለክተው፣ መርቀውኝ ሄዱ። መድኃኔ ዓለም ግቢ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ግን ያ ጥቁር ከአንገት እስከ እግር ወይን ጠጅ ሆኖ አረፈው! አንዷ ለቀስተኛ «ውይ፣ በአርባው ልትዳር ነው እንዴ?» ስትል ያልሰማ የለም። ምስኪን፣ የሀዘን ቀናቸውን አበላሸሁባቸው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ክሩን ይዞ መንገድ ላይ እየወጣ «እርግጠኛ ነሽ ይሄ ቀይ ነው?» ይለኛል፤ ብዙዎቹም መምጣቱን ተዉት። ክቡር ሆይ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የያዝኩት ሞያ ይሄ መርፌ ብቻ ነው። ቀለም አታውቅም ከተባልኩ ቀረሁ ማለት ነው።

መቀሱን ያነሳሁት ለዚህ ነው። «ሁላችንም»ን አልነካሁም፣ «እንሁን»ም ደህና ናት፤ የቆረጥኩት «ብርሃን»ን ብቻ ነው። እልልል! ከቀዳዳው የገባውን ብርሃን ቢያዩት! ሰማያዊው ሰማያዊ ሆነ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ሆነ፣ የመርፌው ቀዳዳ እንኳ የአንበሳ ግቢ በር አከለ። በዚያ ላይ በቀዳዳው የምታየው እኔ ስለሆንኩ መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ «ሁላችንም ለመንደራችን ሰርካለም እንሁን» ብሎ ያነባል። እየሳቀ ገብቶ ልብስ ያዘዘኝም አለ። መፈክርዎ አሁን ገና ሥራ ጀመረ!

ለመጪው ቅዳሜ ወፈር ያለ አዲስ ባነር እዚያው መስኮቴ ላይ በሽቦ ሊታሰር መሆኑን ሰምቼ ተደንቄአለሁ። ትሑት አስተያየቴ፦ የእርስዎ ሳሎን መስኮት ከእኔው ይሰፋል፤ እሱም መንገድ ዳር ነው፤ መፈክሩ ሳይታጠፍ ሙሉውን ይይዘዋል። እርስዎ ደግሞ አምፖል ማብራት አይከብድዎትም።

ለመንደራችን ውበት ሌት ተቀን የሚደክመውን አካልዎን ፈጣሪ ያበርታልኝ፤ ለስብሰባ የሚሆን ድምፅ፣ ለማስታወቂያ የሚሆን ሙጫ አያሳጣዎ፤ እያልኩ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ የምነሳ፣

አክባሪዎ
ሰርካለም ኢሳይያስ
ከቀዳዳው ውስጥ

ልረሳው ነበር፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሉሊት ለልጅዎ ለሲና ሠርግ ለራሳቸው ቀሚስ፣ ለእርስዎም ከሱ ጋር የሚሄድ እጀ ጠባብ አዘውኛል። ጥልፉን የምጀምረው ከቅዳሜ በኋላ ነው። የመረጡልዎ ክር ወርቃማ ነው፤ ከጎኑ ያለው ሮዝ ነው፤ በአምፖሌ ስር ሁለቱም ወርቅ ይመስላሉ። የቱን እንዳነሳሁ አብረን የምናየው ለፎቶ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ነው።