አቶ አያድርገው እና ዐሥራ አንደኛው ጥያቄ

ታላቅ ወንድማችን ኅዳር 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን፣ ከአንድ የጫማ መደብር ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ናቸው። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ የመጨረሻዋ ልጅ፣ ታናሽ እህታቸው ነኝ። ሌላ የሚጽፍ ጠፍቶ አይደለም። ከትናንት በስቲያ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ሁለት ሰዎች «ለሰው ሁሉ የሕይወት ኢንሹራንስ ሲሸጡ ኖረው ለራሳቸው ሳይገዙ ሞቱ፤ ጉድ እኮ ነው!» ሲባባሉ ስለሰማሁ ነው። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ አልናገርም፤ እዚሁ አሉ። ያሉት ነገር እውነት ነው። ግን ግማሽ እውነት ነው፤ የቀረውን ግማሽ ዛሬ አነብላችኋለሁ።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ሟች ሁሉ ጎበዝ ተማሪ ነው። እሳቸው ግን ሒሳብ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ ቢዋሽላቸውም ደስ አይላቸውም። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታችን የደንበኛ ኮት እጅጌ እየገጠሙ በድንገት ዐረፉ። ቀብሩ በተፈጸመ በሳምንቱ የስፌት መኪናዋ ተሸጠች። ሁለት ሰዎች ተሸክመዋት ሲወጡ በሩን ከፍተው የያዙላቸው ወንድማችን ናቸው። እግሮቿ የቆሙባቸው አራት ጉድጓዶች ወለሉ ላይ ለብዙ ዓመት ቆይተዋል። የሕይወት ኢንሹራንስ የሚባል ነገር መኖሩን በዚያ ቤት የሚያውቅ አልነበረም። ለምን እንደሚያስፈልግ ግን እሳቸው ያን ዕለት የገባቸው ይመስለኛል።

በ1967 ዓ.ም. በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደመወዝ ያለውን ወንበር ለቀው በኮሚሽን የሚሠሩ የሽያጭ ወኪል ሆኑ። እናታችን «ቁጭ ብለህ መብላት ጠልተህ በእግርህ ልትዞር?» ብለው አልቅሰው ነበር። ዞሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ዞሩ።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ቡናማ ቦርሳ አንጠልጥሎ የማያውቁትን ቢሮ ማንኳኳት፣ ከጤነኛ ሰው ፊት መቀመጥ፣ ከዚያም ስለ ሞቱ ማውራት ነው። ኩባንያው «ሞት የሚለውን ቃል አትጥሩ» ብሎ ያስጠነቅቃቸው ነበር። ስለዚህ ወንድማችን ወሬያቸውን ሁሉ «አያድርገውና» ብለው ይጀምሩ ነበር። አያድርገውና መኪና ቢገጭዎት። አያድርገውና ልጆቹ ሳያድጉ። በዚያው ስማቸው «አቶ አያድርገው» ሆኖ ቀረ፤ ቤት ስልክ ሲደወል እንኳ «አቶ አያድርገው አሉ?» ይባል ነበር። በመስኮት ሲያያቸው በጓሮ በር የሚወጣው፣ ሽንት ቤት ገብቶ የሚቆየው፣ ስልክ አንሥቶ ከማንም ጋር የሚያወራ የሚመስለው ስንቱ ነው! አሁን ከፊቴ የተቀመጣችሁትንም ይጨምራል። እሳቸው ግን ማንንም አልተቀየሙም። ማታ ገብተው እግራቸውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው «እኔም ብሆን እሸሽ ነበር» ይሉ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው በአንድ ማተሚያ ቤት ስልክ ተቀባይ ነበሩ፤ ለአቶ አያድርገው የነበራቸው ሥራም «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው» ማለት ብቻ ነበር። ስድስት ጊዜ አሉ። በሰባተኛው አንጀታቸው አልችል አለና ወንበር ሰጧቸው፤ «ስብሰባ እንኳን የለም፤ ግን አይቀበሉዎትም» ብለው እውነቱን ነገሯቸው። በዓመቱ ተጋቡ። ሥራ አስኪያጁ እስከ ዛሬ ኢንሹራንስ አልገቡም። ወንድማችንና ባለቤታቸው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የሕይወት ኢንሹራንስ ማመልከቻ ቅጽ ዐሥራ አምስት ጥያቄ አለው። ዐሥራ አንደኛው «የሚያውቁት ሕመም አለብዎት?» ይላል። በ1984 ዓ.ም. ወንድማችን አንድ ወጣት መካኒክ ቤት ሄደው ቅጽ ሞሉ። ሰውየው የእጁን ግሪስ ፈትጎ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃቸው። አማቱም እዚያው ተቀምጠው ነበር። በአማቱ ፊት «ሕመም አለብህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ወንድማችንን ነውር መሰላቸው። ደግሞም ደክሟቸው ነበር፤ የዕለቱ ዘጠነኛ ቤት ነው። ዐሥራ አንደኛውን ዘለሉት፤ መካኒኩ ፈረመ። ወንድማችን ደረጃውን ሲወርዱ ቅጹን ቦርሳቸው ላይ አስደግፈው በገዛ እጃቸው «የለም» ብለው ጻፉበት። ይህ በወኪሎች ዘንድ የተለመደ ነበር፤ ሻይ ቤት ተቀምጠው የሚሳሳቁበት ነገር ነው።

መካኒኩ ግን ኩላሊቱን ያመው ነበር። ያውቅም ነበር። ቢጠየቅ ይናገር ነበር፤ ማን ጠየቀው? በሦስተኛው ዓመት ሞተ። ኩባንያው ቅጹን አወጣና «ሟች ሕመማቸውን ደብቀዋል» በማለት ለባለቤቱ አንዲት ሳንቲም አልከፍልም አለ። ባላቸውን በቀበሩ በወሩ፣ ባላቸው ውሸታም ነበር የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሳቸው።

ወንድማችን ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። የሞተ ተነሥቶ አይመሰክር። የራሳቸውም ሦስት ልጆች ነበሩ፤ ትንሿ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ሳምንት ሙሉ እህል በአፋቸው አልዞረም። በስምንተኛው ቀን ለኩባንያው ሁለት መስመር ጻፉ፦ «ጥያቄውን አልጠየቅሁም። የለም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ኩባንያው ለሴትየዋ ከፈለ፤ የወንድማችንን የወኪልነት ፈቃድም ለአንድ ዓመት አገደ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጅሉ» የሚል ሁለተኛ ቅጽል ስም አወጡላቸው። ያን ዓመት ቤቱ በባለቤታቸው ደመወዝ ብቻ ቆመ። ወንድማችን ልጆች ያመላልሱ፣ ምግብ ያበስሉ ነበር። ጨው ይበዛበት ነበር።

ሐምሌ 1988 ዓ.ም. ፈቃዳቸው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አማት ይኑር ጎረቤት፣ ዐሥራ አምስቱንም ጥያቄ አንድ በአንድ ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። ዐሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ሰውየውን ዓይን ዓይኑን ያዩታል። «እኚህ ሰው ሐኪም ናቸው ወይስ ሻጭ?» ተባሉ፤ ሽያጫቸውም በግማሽ ቀነሰ። እስከ ጡረታቸው፣ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ፣ እንዲሁ ሠሩ።

ለራሳቸውስ? «ነገ ይደርሳል» የሚል ደንበኛ ሲገሥጹ የኖሩ ሰው፣ ስለ ራሳቸው ነገ ይደርሳል ሲሉ ብዙ ዓመት አሳልፈዋል። በዚህ አልሟገትላቸውም። ባለፈው ጥር ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ሲተኙ እኔም አልማርኳቸውም። «ጋሼ፣ ለሰው ሁሉ ጃንጥላ ሲያድሉ ኖረው እኛን ዝናብ ላይ ጥለውን ሊሄዱ ነው?» አልኳቸው። ለታመመ ሰው እንዲህ ይባላል? ብያለሁ፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው! እሳቸውም «ልክ ነሽ። ደክሞኛል» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

በማግሥቱ ለዚህ ጽሑፍ የሚሆን ፎቶግራፍ ፍለጋ ቡናማውን ቦርሳ ከፈትኩ። ጡረታ ከወጡ ዐሥር ዓመት ቢሆናቸውም ቦርሳው ከአልጋቸው ሥር ተለይቶ አያውቅም። ያለቀ እስክሪብቶ፣ አንድ ጥንድ የጫማ ማሰሪያና አንድ የማመልከቻ ቅጽ አገኘሁ። ቅጹ የራሳቸው ነው። የተሞላው ነሐሴ 1988 ዓ.ም.፣ ፈቃዳቸው በተመለሰ በወሩ ነው። ወራሽ በሚለው ቦታ «ባለቤቴና ልጆቼ» ይላል። ዐሥራ አንደኛው ጥያቄ ላይ፣ በዚያ ቀጥ ባለ የመዝገብ ቤት ጽሑፋቸው፣ «አለብኝ። ደረጃ ስወጣ ደረቴን ይወጋኛል። ለማንም አልተናገርኩም» ይላል።

ማን ጠየቃቸው? ወኪሉም እሳቸው፣ ደንበኛውም እሳቸው። «የለም» ብለው ቢጽፉ የሚያይ አልነበረም። ግን ለመካኒኩ ባለቤት የደረሰው ደብዳቤ አንድ ቀን ለሚስታቸው እንዳይደርስ ፈሩ። ራሳቸውን ጠይቀው ራሳቸው እውነቱን መለሱ። ከቅጹ ጋር የኩባንያው መልስ ተያይዟል፦ የኩባንያው ሐኪም ልባቸው ደካማ መሆኑን፣ ከአምስት ዓመት በላይ ይቆያሉ ተብሎ እንደማይጠበቅ ስላረጋገጠ ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም። ዕድሜ ልካቸውን የሚሸጡትን ነገር ለራሳቸው ሊገዙ ፈልገው ተከለከሉ። ያንን ወረቀት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሌላው ሸጡ። ኩባንያውም ተሳስቷል፤ አምስት የተባለው ሃያ ስምንት ዓመት ሆነ። ቢቀበላቸው ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን ክፍያቸውን ይሰበስብ ነበር። እሰይ!

ወረቀቱን ለባለቤታቸው ሳሳያቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ «ሐኪም ጋ እንሂድ ባልኩት ቁጥር ስብሰባ አለኝ ይለኝ ነበር» አሉና ሳቅም ልቅሶም ያዛቸው። ያቺን ውሸት ያስተማሯቸው ራሳቸው ናቸው።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ሦስቱን ቀን ከእኛ ጋር ሲያለቅሱ የሰነበቱት፣ ብዙዎቻችሁ «እኚህ ደግሞ የማን ወገን ናቸው?» ያላችኋቸው እናት፣ የመካኒኩ ባለቤት ናቸው። ስለ ሐዘናችን የተገኛችሁትን ሁሉ እናመሰግናለን፤ በር ላይ ያወሩትንም ጨምሮ።

ጋሼ፣ ዝናብ ላይ አልጣሉንም። ያን ቀን የተናገርኩትን ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት መልሼ ወስጄዋለሁ። ቦርሳውን እኔ ይዤዋለሁ፤ ከእንግዲህ የሚያንኳኩት በር አንድ ብቻ ነው። እዚያ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል አይግጠምዎት። ፈጣሪ ሰባት ጊዜ ሳያመላልስዎት ይክፈትልዎት፤ ወንበርም ይስጥዎት፤ ይረፉ።