ደብሬ የተገረፈችበት ኳስ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ዛሬም የገና ኳሱ ቲማቲም ሆነብኝ። ክብ ሳልኩ፣ ቀይ ቀባሁ፣ ነጭ ነጥብ ጣልኩበት። ዘይነባ ከጀርባዬ መጥታ፣ "እትዬ ዘውዴ፣ ይሄ እኮ ለሰላጣ ነው" ብላ ሳቀች። ፎቶ ቤቷ ለገና የሚሸጥ ካርድ ያወጣል፤ የጥልፍ ንድፍ ስስል አይታኝ ነው ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጠችኝ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ጭር ስላለብኝ እሺ አልኩ። ፊደል የለየሁት ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። ይህንንም እንደዚያው፣ እያየሁ፣ እየተሳሳትኩ።

ማውሱ ግን እንደ መርፌ አይታዘዝም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

"የሚያብለጨልጭ ነገር የራሱ መልክ የለውም" አለችኝ ዘይነባ። "ፊቱ ያለውን ነው የሚያሳይ። መስኮቱ የት አለ? በሩስ?"

መስኮት ሳልኩ። ጎኑን አጎበጥኩት፣ ጠርዙን አደበዘዝኩት። አበራ! ከታች ጠረጴዛው የሚመልሰውን ብርሃን ጨመርኩ። በሩ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

አባዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ዓመት ለገና ከአሰብ ቀይ የብርጭቆ ኳስ አምጥቶ ጥድ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለልን። እኔና ታናሽ እህቴ ደብሬ አፍንጫችን ድንች አክሎ ስናየው በሳቅ እንወድቅ ነበር። መስኮታችን፣ በራችን፣ ወደ አርዲቦ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ሳይቀር ጎብጦ ውስጡ ነበረ። እንደዚያ ያለ ገና ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

ልጻፈው። ኳሱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ልስመው ከቅርንጫፉ ሳወርደው አመለጠኝ።

አባዬ ሁለታችንንም አቁሞ "ማሉ" አለ። እኔ አልሰበርኩም ብዬ በሚካኤል ማልኩ። ደብሬ አልምልም አለች። እማዬ "ለእውነትም ቢሆን አይማልም" ትለን ነበርና እሷ ያንን ይዛ ነው። ያልማለ አጥፊ ነው ተባለና ተገረፈች። እኔ ቆሜ አየሁ።

ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። "ለእሷስ ነገርሻት?" አሉኝ። ደብሬ ያለችው ውጫሌ ነው፤ ሩቅ አይደለም። በልቅሶም በሠርግም እንገናኛለን። አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 25

ኳሱ አለቀ! ዘይነባ፣ "ማሻአላህ፣ ይሄስ ቢወድቅ ይሰበራል" አለች። ጠጋ ብላ ደግሞ፣ "በሩ ላይ የቆመችው ማናት?"

"እህቴ።"

"ገዢ እኮ አያያትም።"

"አይያት።"

ሲታተም ሦስት ካርድ ለራሴ ወሰድኩ። ሁለት አበላሽቼ በሦስተኛው ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦ ደብሬ፣ የሰበርኩት እኔ ነበርኩ። በሐሰት ምዬ አስገረፍኩሽ። ይቅር በይኝ። ዘይነባ "በስልክ ልላክልሽ" ብትል እምቢ አልኩ። በፖስታ አሽጌ ለውጫሌ ሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት። መኪናው ሲነሣ ሮጬ ላስቆመው ምንም አልቀረኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ደብሬ ደወለች። ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራች፣ ስለ ልጆቿ አወራች። ከዚያ፣ "እታለም፣ ካርዱ ደረሰኝ" አለች።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

"እኔ እኮ ያኑ ዕለት አውቄያለሁ። ስትምይ እጅሽን ከጀርባሽ ደብቀሽ ነበር፤ ጣትሽ ይደማ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንቺ እስክትናገሪ ነዋ! ነገ ትናገራለች አልኩ። ለፋሲካ ትናገራለች አልኩ። ከዚያማ አግብተሽ ሄድሽ።" ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተቆረጠ።

ይቅር ብላኝ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"የአባዬን ዱላ ድሮ ረስቼዋለሁ። ያንቺ ዝምታ ነው ያልወጣልኝ" አለች። ቀጥላም፣ "ለገና እመጣለሁ። ዶሮውን አንቺ ሥሪ፣ ቁጭ ብለን እናወራለን።"

ሦስት ቀን ቀርቷል። ዶሮው አያሳስበኝም። ቀና ብዬ ፊቷን ማየቱ ነው።