ልቡ ያልወጣ እንሰት

ጥር 5

ቢሮ መብራት ጠፍቶ ተፋጥጠን ዋልን። ልጄ ሶልያና ከትምህርት ቤት የስድስት ወር የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አራተኛ ክፍል በሙሉ አንድ ተክል ቤቱ አባዝቶ፣ እየለካ፣ በደብተር መመዝገብ አለበት ብለዋል ቲቸር ተሻገር። እስከ ሰኔ! «ሰላጣ እንዝራ» አልኳት፣ ቶሎ ይገላግለናል ብዬ።

«የአባዬን እንሰት ነው የማባዛው።»

ጓሮ ያለው አንዱ እንሰት... አባቷ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት የተከለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ እንኳ አጠጥቼው አላውቅም። ራሱን አሳደገ።

ጥር 9

አከራያችን ጓሮው ላይ ሰርቪስ ቤት ሊሠሩ ነው። እንሰቱ ይነሳ አሉ፣ በዚህ ወር። ለምኜ ለምኜ አጥሩ ሥር ያለችውን ጥግ ተዉልን። ሶልያና አለቀሰች። እኔ ሽንኩርት ከተፍኩ።

አረካ ላሉት አማቴ፣ ለአባባ ዳልጮ፣ ደወልኩ። ቅዳሜ እመጣለሁ አሉ።

ጥር 14

አባባ ዳልጮ በጠዋቱ ሚኒባስ ደረሱ፣ ቢላቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው። ሶልያና እሳት ላይ ካልተያዘ አይቆረጥም አለች። «የእንሰት በሽታ በቢላ ነው የሚተላለፈው፣ ቲቸር ነግሮናል።»

«ስልሳ ዓመት ኡታ ስተክል ኖሬ አንቺ ታስተምሪኛለሽ?» ሳቁ፤ ኡታ የሚሉት እንሰትን ነው። ግን ቢላውን ያዙት።

ግንዱን ቆረጡ። ከሥሩ ያለውን ወፍራም ግንደ ሥር፣ አሚቾውን፣ ቆፍረው አወጡ። መሀሉን ሊቦረቡሩ ሲሉ ልጅቷ ጮኸች። «ልቡን ነው! አያውጡት!»

«ልቡ ካልወጣ አይወልድም። ራሱን ብቻ ነው የሚያሳድገው።»

ሮጣ ቤት ገባች። አባባ ዳልጮ የሚኒባሱ ሰዓት እያለፈባቸው ነበር። «ይሂዱ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኳቸው።

አልጨረስኩትም። ቢላውን ይዤ ቆምኩ... እጄ እምቢ አለ። ከነልቡ ጥጉ ላይ ቀበርኩት፣ ፍግ አለበስኩት። ለሶልያና «ተውኩልሽ» ስላት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ለአባባ ዳልጮ ግን ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?

የካቲት 20

ምንም።

መጋቢት 17

ወጣ! አንድ ወፍራም ቡቃያ። ሶልያና ማስመሪያዋን ይዛ አፈር ላይ ተኛች። አራት ሴንቲ ሜትር። ዩኒፎርሟን ማን ያጥባል? እኔ።

መጋቢት 30

አሁንም አንድ። የክፍሏ ልጅ ማቲ የቀበረው አሚቾ አሥራ ሁለት አውጥቷል። «የኔ ለምን?» አለችኝ።

«አፈሩ ይሆናል።»

ዋሸሁ። ተፈጥሮን ልትማር ደብተር የያዘችን ልጅ ዋሸሁ! እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፈው... ለእሷ አዝኜ አይደለም የተውኩት። እሱ የነካው አንድ ነገር ሳይነካ እንዲቀመጥልኝ ፈልጌ ነው።

ሚያዝያ 4

አባባ ዳልጮ ሳይነግሩን መጡ። በቀጥታ ወደ ጥጉ። ጎንበስ ብለው ቡቃያውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«አላወጣሽም።»

«አላወጣሁም።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔም የሱን ጫማ ለሰው አልሰጠሁም» አሉ። «ይኸው ሁለት ዓመት፣ አልጋ ሥር ነው። ይሻግታል፣ አወጣና እጠርገዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።»

ሶልያናን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷ ቀላ። «አፈሩ ነው ብለሽኝ ነበር! ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ!» ጀርባዋን ሰጠችኝ። አያቷን ጠየቀች፤ «አሁን ብናወጣው ረፍዷል?»

«ዝናቡ ጀምሯል። ይደርሳል።»

አሚቾውን ቆፍረን አወጣነው፤ ቢላውን ራሷ እሳት ላይ ያዘች። አያቷ እጇን ደግፈው አሳዩዋት፣ እሷ ቦረቦረች። እኔ አሚቾው እንዳይንከባለል ያዝኩላት። መልሰን ስንቀብረው አለቀስኩ፤ ዛሬ ሽንኩርት አልነበረም።

ግንቦት 12

ሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ ተመታ። ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ሰነበተ። ጥጉ ባዶ ነው። ሶልያና ግን በየቀኑ «ዜሮ» ብላ ትመዘግባለች። «አፈሩ ነው» የሚለውን ሰርዛ «የሰው ስህተት» ብላ ጽፋለች። ማን እንደሆነ አልጻፈችም። አመሰግናታለሁ።

ሰኔ 21

ሠላሳ አራት!

ሦስቴ ቆጠርን። ዙሪያውን ተጋፍተው ወጥተዋል። አከራያችን ሳይቀሩ መጥተው ቆጠሩ፣ «ሁለቱን ለኔ» አሉ። ሶልያና በሚቀጥለው ዓመት ተነቅለው ሲተከሉ ማን ማን እንደሚወስድ ስም ዝርዝር ይዛለች። ማቲም አለበት፣ ምንም እንኳ አሥራ ሁለት ቢኖረው።

ደብተሯን ነገ ታስረክባለች። ሽፋኑን አሁን አየሁት።

የተክሉ ስም፦ እንሰት
የተከለው፦ ሀብታሙ ዳልጮ
ልቡን ያወጣችው፦ ሶልያና ሀብታሙ
የያዘችላት፦ አስካለች

ሀብታሙ። ከሞተ ጀምሮ እዚህ ማስታወሻ ላይ ስሙን ጽፌው አላውቅም ነበር። ጻፍኩት።

አረካ ደወልኩ። «ሠላሳ አራት ሆኑ» አልኳቸው። «ሠላሳ አራት» ብለው ደገሙት አባባ ዳልጮ። 

ከዚያ ሌላ ነገር አነሱ። «ጫማው አርባ ሁለት ቁጥር ነው። የሚሆነው ሰው ታውቂያለሽ?»

ነገ የቢሮአችንን ዘበኛ የጫማ ቁጥሩን እጠይቀዋለሁ።