ክዳን ስለሌለው ጉድጓድና ስለ አዲሱ የእብነ በረድ ወለል

ለክቡር የከተማችን ከንቲባ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በተለይም እግርዎና ዳሌዎ ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ካለው ፎቅ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሲያድል የኖረ ጡረተኛ ፖስተኛ ነው። ይህን የምጽፈው ላማርር ሳይሆን ምስጋናዬ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ስላለኝ ነው።

አንደኛ፣ የፍሳሽ መስመር ጥገና ክፍያን በአንድ ጊዜ እጥፍ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ዕዳ ይዞ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው በመሆኑ፣ ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት ማልዶ ሄዶ ከፈለ። ሲመለስ ደጃችን ሊደርስ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው፣ ክዳኑ ከጠፋ ስምንት ወር የሆነውና የዝናብ ውሃ ሞልቶ የሸፈነው የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ሊያወጣው እጁን ሲዘረጋለት፣ ባለቤቴ ከራሱ በፊት ያቀበለው ደረሰኙን ነበር። «መጀመሪያ ይቺን ያዝልኝ፤ እንዳትርስ» አለው። የዳሌው አጥንት ተሰብሯል።

ሁለተኛ፣ ስለ መስተንግዶው። ክዳን ይደረግልን ብዬ ቢሮዎ የመጣሁ ቀን፣ አዲስ የተነጠፈው እብነ በረድ ፊቴን እንደ መስታወት ስላሳየኝ ጫማዬን ላውልቅ ወይ ብዬ አመነታሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በትሕትና እንዳስረዳችኝ፣ ለክዳን የተያዘ በጀት የለም፤ ማመልከቻ ለማስመዝገብ ግን የአገልግሎት ክፍያ አለ። ከፈልኩ። የቀድሞው ወለል ምን ጎድሎት እንደተቀየረ ብጠይቃት፣ አንገቷን ደፍታ «እኔም አላውቅም፣ እናቴ» አለችኝ። እባክዎ አይቀየሟት፤ በዚያ ቀን ቢሮዎ ውስጥ የሰማሁት እውነት እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ጫማ ሰፊው የራሱን አሮጌ የቆርቆሮ በር ጉድጓዱ ላይ ባጋደመ በሦስተኛው ቀን፣ ደንብ አስከባሪዎችዎ ያለፈቃድ መንገድ ዘግተሃል ብለው ቀጡት፤ በሩንም ጭነው ሄዱ። ስምንት ወር ሙሉ ሰፈራችን የጠፋባችሁ መስሎኝ ስሰጋ ነበርና፣ መንገዱን እንደምታውቁት በማየቴ ተጽናንቻለሁ።

ባለቤቴ አሁን ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ በታች ለሚያልፍ ሁሉ «በግድግዳው ጥግ፣ በግድግዳው ጥግ» እያለ ይጣራል። ድምፁ ሲዘጋ እኔ ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ እተካዋለሁ። ይህን አገልግሎት እስካሁን ያለ ምንም ክፍያ እየሰጠን እንገኛለን። ማታ ማታ ግን፣ እኛ ያላየነው ሰው ቢያልፍስ እያለ አይተኛም፤ እኔም አልተኛም።

በማይጓደል አክብሮትና በማይቋረጥ ክፍያ፣
እጅ ነሺዎ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ የሚቀጥለው ዓመት የክፍያ ማስታወቂያ ትናንት ደርሶናል፤ ከፋዩ ራሱ በአካል ቀርቦ ካልፈረመ ይቀጣል ይላል። ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሊፍት የለውም፤ ስለዚህ ባለቤቴን በቃሬዛ የሚያወርዱ ሁለት ጠንካራ ሰዎች እንዲልኩልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ስለ ሰዎቹ አበል አይጨነቁ፤ እንደተለመደው እኛው እንከፍላለን።