የውሃውን ድምፅ ያዳመጡት ሲስተር ፔሬዝ አዎር

ሲስተር ፔሬዝ አዎር ከጀልባ ሠሪው አባታቸው ከኦጉቱ ራቴንግና ከእናታቸው ከዶርካ አዶዮ፣ የሐይቅ ዳር አገር በሆነችው በሲያያ በ1958 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። አባታቸው የጀልባ እንጨት የሚፈትሹት እያንኳኩ በጆሯቸው ነበርና ማዳመጥን ከቤታቸው ተማሩት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ነርስነት ተምረው በ1980 ተመረቁ። ከመምህር ዘብሎን ኦሞሎ ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ኡጋሊ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ ሲያገነፉ የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ ዓሣ መጥበስ ግን አልሆነላቸውም። ባለቤታቸውም ይህንኑ በየሰርጉ ያወሩባቸው ነበር።

ዕድሜያቸውን የሰጡት በኪሱሙ ከተማ፣ መተንፈስ ለተሳናቸው ሕፃናት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። የመተንፈሻ ማሽን ለሁሉም ስለማይዳረስ ኦክስጅኑ በቱቦ በልጁ አፍንጫ ይገባል፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ውሃው እስከተንተከተከ ድረስ አየሩ የልጁን ሳንባ ደግፎ ይይዛል።

በ2001 ኦቡራ የተባለ ሕፃን በሳንባ ምች ከንፈሩ ጠቁሮ ገባ። ጠርሙሱ ተገጠመለትና ቀለሙ ተመለሰ። አያቱ እማማ ትሬዛ ግን ጫጫታው ልጄን እንቅልፍ ነሳው ብለው ቱቦውን ከውሃው አወጡት። ሲስተር ከክፍሉ ማዶ ድምፁ መቋረጡን ሰምተው ሮጡ። ቱቦውን መልሰው፣ በእጅ በሚጨመቅ መተንፈሻ አየር እየሰጡ፣ ትንፋሹ እስኪረጋ ከአጠገቡ አልተነሡም።

ተረኛው ሐኪም፣ “እኚህን አሮጊት አስወጡልኝ!” ቢሉ፣ ሲስተር፣ “የት ይሂዱ? እንደሳቸው የሚጨነቅለት ማን አለ?” አሉ። ወደ አያቲቱም ዞረው፣ “እማማ፣ ይህ ጫጫታ የልጅዎ ትንፋሽ ነው። ዝም ካለ ይጩኹብኝ” አሏቸው።

“መጮኹንስ እችልበታለሁ፣ ልጄ!” አሉ እማማ ትሬዛ እያለቀሱ።

ኦቡራ ድኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ከየጠርሙሱ አጠገብ ለአያቶች ወንበር ተቀመጠ። ያልዳኑ ልጆችም ነበሩ፤ ሲስተር ከእናቶቻቸው ጋር ተቀምጠው ያለቅሱላቸው ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የገዛ ሳንባቸው ታመመ፤ ቤታቸውም ውሃ የሚያንተከትክ የኦክስጅን ማሽን ገባ። ኦቡራ ይህን ሰምቶ መጣና ወንበር ስቦ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ። “ሂድ አንተ፣ ይህ ጫጫታ አያስተኛህም” ቢሉት፣ “ዝም ካለ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ የአያቴ አደራ አለብኝ” አላቸው። ሲስተር ሳቁ።

ማርች 9 ቀን 2024 ከሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው ቆመ፤ ውሃው ግን ይንተከተክ ነበር። ኦቡራ እጃቸውን እንደያዘ ቆየና ማሽኑን ራሱ ዘጋው።

ባለቤታቸው፣ ሦስቱ ልጆቻቸውና በሐይቁ ዳር የሚተነፍሱ ብዙ ልጆች ቀርተውላቸዋል። በሕፃናት አፍንጫ እስትንፋስን የሚያኖር አምላክ የእሳቸውን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍ። አሜን።