ዝም በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ

ልጄ ሎሚ፣ እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን። የናዝሬት ነፋስ የወጥ ቤቱን ቆርቆሮ ገንጥሎት አባትሽ ትናንት መልሶ መታው። የተከልሽው ፓፓያ አፍርቷል።

ለእረፍት የመጣችው ጓደኛሽ በላይነሽ እንደነገረችኝ፣ ኮምፒዩተር የምትማሩት አራት አራት ሆናችሁ እየተወያያችሁ ነው፤ አንቺ ግን ትንፍሽ አትዪም። ውይይት ሲባል የቀበሌው መስሎሽ ነው። ከኋላ ተቀመጪ፣ ቃል አይውጣሽ ያልኩሽ እኔው ነኝ፤ ያ ግን ለዚህ ለቀበሌው ስብሰባ ነበር። እዚያ ያልገባሽን ጠይቂ፣ የገባሽን ለጓደኞችሽ አስረጂ። ብትሳሳቺም ስምሽን የሚመዘግብ የለም።

ይህ በፖስታ የሚላክ ስላልሆነ በበላይነሽ እጅ ልኬዋለሁ። አንደበትሽን ጌታ ይፍታልሽ። ደብዳቤውን አንብበሽ ቅደጂው፤ ምርቃቴን ግን ያዢው።

እናትሽ የሺዓለም