በስሜ የመጣልዎትን ወረቀት መሻሪያ

ይድረስ እንደ እናት ላሳደጉኝ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ብርነሽ፤ አርባ ምንጭ።

እዚህ ሐረር ከሐኪም ጋራ ግርጌ እስከ ፈላና በር ድረስ እንደ እኔ ያለ አንባቢ አልተወለደም። እሺ፣ ተወልዶ ይሆናል፤ በማታው ትምህርት ክፍላችን ግን ከእኔ የሚበልጥ የለም። እሺ፣ አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ትበልጠኛለች፤ እሷም ብትሆን መብራቱ ሥር ስለምትቀመጥ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ራስዎን እንዴት አደረገዎት? ማዞሩስ ተወዎት? ጉልበትዎስ፣ እንቅልፍዎስ፣ የምግብ ፍላጎትዎስ? እዚያ ያለው ሙቀት አልከበደዎትም? እኔና ባለቤቴ ዕፀገነት እግዚአብሔር ይመስገን ጤናችን ደህና ነው። የልብ ነገር ከሆነ ግን ካለፈው ሳምንት ወዲህ ልቤ ከእርስዎ ዘንድ ነው፤ እዚህ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው እጄ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ፊደሎቼ የበግ ግልገል ያህላሉ ብለው አይሳቁ። ሐዋርያው ጳውሎስም በገዛ እጁ ሲጽፍ ፊደሉ ትልልቅ እንደነበር ራሱ ለገላትያ ሰዎች ነግሯቸዋል። ይህን ለመምህርታችን ለፍሬሕይወት ነግሬ እጅ ጽሕፈቴ ሐዋርያዊ ነው ብላት፣ ሐዋርያነቱን ተወውና መስመሩን ጠብቅ አለችኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጅዎ ሃና ደውላ እያለቀሰች የነገረችኝ የደም ግፊት ኪኒንዎን ከመስከረም ጀምሮ እንደተዉት ነው። ጠዋት ጠዋት የምትሰጥዎትን ተቀብለው ምላስዎ ሥር ይደብቁና ኋላ ሄደው ጽጌረዳው ሥር ይቀብሩታል አለች። እትዬ፣ ጽጌረዳው ደም ግፊት የለበትም። ከጥምቀት በፊት በነበረው እሑድም ከቅዳሴ ሲወጡ ዞሮብዎት ሰው ደግፎ ነው ቤት ያደረሰዎት። ለምን ተውሽው ስትልዎት ከትራስዎ ሥር አንድ ወረቀት አውጥተው፣ ወንድሜ ሀብተወልድ ስሙን ጽፎ የላከልኝ የሐዋርያ መልእክት ነው አሏት።

ይህን ሰምቼ ስደውልልዎት ሃና ናት ያስደወለችህ አሉኝ። አይደለም ብል፣ ዛሬ የሰው ድምፅም በኮምፒውተር ይሠራል፣ አንተ ስለመሆንህ በምን አውቃለሁ አሉኝ። ጠርጣራነትን ከማን እንደወረስኩት ያን ጊዜ ገባኝ። ቀጥለውም በጽሑፍ ያልከውን በአፍ አትሽረውም፤ የሚሻር ከሆነ በጽሑፍ ይሻር ብለው ዘጉብኝ። እንግዲህ ይኸው በጽሑፍ ልሽረው ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ እኔ ስለመሆኔ ምልክት ልስጥዎት። ሐኪም ጋራ ከሰው ጓሮ የዘይቱን ፍሬ ስሰርቅ ከዛፍ ወድቄ ጥቁር ሱሪዬ ሲቀደድ፣ ለአባባ ደረጃ ላይ ነው የወደቀው ብለው ዋሽተውልኝ፣ ሌላ ክር ስላጡ በቀይ ክር የጠቀሙልኝ እርስዎ ነዎት። ይህን ኮምፒውተር አያውቀውም። ምልክት መስጠቱንም ከራሴ አላመጣሁትም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ሰላምታውን በእጁ ጽፎ፣ የመልእክቴ ሁሉ ምልክት ይህ ነው ይላቸዋል። ከእኛ የመጣ በሚመስል ደብዳቤ አትናወጡ ይላቸዋል። እንግዲህ በዚያ ዘመንም በሐዋርያ ስም ወረቀት የሚያዞር ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ እንዴት እንደደነገጥኩ አይጠይቁኝ።

ወረቀቱ ከእኔ ዘንድ የደረሰው እንዲህ ነው። ነሐሴ 12 የሚካኤል ማኅበራችን በእኛ ቤት ወጣ። ከሌላ አገር በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ የመጣ እንደሻው የሚባል ማኅበርተኛ አለን፤ መነጽር የሚያደርግ፣ ከረባቱን ለጠላ እንኳ የማይፈታ ሰው ነው። እሱ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ወረቀት ሁለት ሁለት ቅጂ አደለን። ተሰውሮ የኖረ የሐዋርያ መልእክት ነው፣ ለሕመምተኛ ፈውስ ነው፣ ለአሥራ ሁለት ሰው የላከ በረከት ያገኛል፣ ያስቀረ ግን ይቀሰፋል አለን። እኔ ያን ጊዜ ማታ ትምህርት ከገባሁ ወር እንኳ አልሞላኝም። መጀመሪያ የሚያስጠኑት የራስን ስም ነው። እንደሻው እስክሪብቶ አስጨበጠኝና እዚህ ጋ ስምህን አስፍር አለኝ፤ በሁለቱም ቅጂ ላይ አሰፈርኩ። ከስሜ በላይ ያለውን ማንበብ አልችልም ነበር። ለሕመምተኛ ነው ሲል እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ አንዱን ለእንቁጣጣሽ ወደ እናንተ ለሚመጣ ሰው ሰጠሁት። የቀሩትን አሥራ አንድ ሰዎች ስንፍናዬ ጠበቃቸው።

የሃና ስልክ እንደተዘጋ፣ ጀጎል ውስጥ ከምሰፋበት፣ መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ የቀረችኝን ቅጂ አወጣሁ። ከምሳ በኋላ ጀምሬ የሱቅ ጎረቤቴ ሙሳ ለከሰዓቱ የዐስር ሰላት ሲነሣ ጨረስኩት። መድኃኒት የሚውጥ እምነቱ ጎዶሎ ነው ይላል፣ እትዬ። ከሥሩ ደግሞ ሀብተወልድ። ሙሳ ከሰላት ሲመለስ ፊቴን አይቶ፣ ሀብቴ ማን ሞተብህ አለኝ፤ እስካሁን ማንም አልኩት። አነበብኩለት። እሱም ወላሂ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣ ከማን ሰማህ፣ እሱስ ከማን ሰማ እየተባለ እስከ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ አንተ ይህን ከማን ተቀበልክ አለኝ። ከእንደሻው አልኩት። እንደሻውስ? ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ሱብሓነላህ፣ ሸማ እንኳ ስትገዛ ማን እንደሸመነው ትጠይቃለህ፤ ለእህትህ ነፍስ አልጠየቅክም አለኝ። ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ እቀየመው ነበር።

መቼም ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የማምነው ነገር አልቆብኛል። ከሱቄ በር ላይ ቀይ ማኅተም ያለው ወረቀት ለጌጥ ብዬ ዘጠኝ ዓመት ለጥፌ ኖሬአለሁ፤ ለካስ አሸንዳህን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አስጠግን የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው የዕፀገነትን አዲስ ኪዳን ይዞ ሐዋርያትን ሊመረምር ተቀመጠ። ከሁሉ መልእክቶቹን የመረጥኩት አጫጭር ስለሆኑ ነው፤ ይህንን ደግሞ ለመምህርቷ አልነገርኳትም።

ጳውሎስንም ጠርጥሬው ነበር። ዕድሜ ልኬን ቅዳሴ ቆሜ ዲያቆኑ መልእክቱን ሲያነብ ስሰማ ከሰማይ የወረደ አዋጅ ይመስለኝ ነበር። ደብዳቤ መሆኑን አላውቅም። አሁን ሳነበው ለካስ እንደኛው ነው፤ እገሌን ሳሙልኝ፣ እገሊትን ሳሙልኝ፣ እገሌንና ለእኔም እናት የሆነችውን እናቱን ሳሙልኝ ይላል። ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ደግሞ ጢሮአዳ ከአንድ ሰው ቤት የተውኩትን ካባ ይዘህልኝ ና፣ ክረምት ሳይገባ ድረስ ይላል። እዚህ ላይ ነው ያመንኩት። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ሰው ሊያታልል የተነሣ ሰው ስለ ብርድ አይጽፍም። እሥር ቤት ሆኖ የበረደው ሰው ነው እንዲህ የሚለው። በእኛ ወረቀት ላይ ግን የሚበርደው ሰው የለም፣ የሚሳም ሰው የለም፣ ለማን እንደተጻፈም አይናገርም። ማስፈራሪያ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ለእርስዎ የሚሆነውን ይስሙ። ያው ጢሞቴዎስ ሆዱን ያመው ነበር። ሐዋርያው ምን አለው? እምነትህ ጎዶሎ ነው አላለውም። ውኃ ብቻ አትጠጣ፣ ስለ ሆድህና ስለሚደጋገምብህ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጣ አለው። ይህቺን ጥቅስ እኔም ለራሴ ወድጃት ነበር፤ ዕፀገነት ግን ጥቂት የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ጥሮፊሞስ የሚባል ጓደኛውንም ታሞ በሚሊጢን ከተማ ተውኩት ይላል። እነዚያ የጳውሎስ እጆች ሙት አስነሥተዋል፤ ጥሮፊሞስን ግን ታሞ ትተውት ሄዱ፤ እምነት ጎደለው ብሎም አልከሰሰውም። ሉቃስን ደግሞ የተወደደው ባለ መድኃኒት ብሎ ነው የሚጠራው። ባለ መድኃኒት የሚወድ ሐዋርያ፣ መድኃኒት የሚውጠውን እንዴት ይረግማል?

ይህን ሁሉ ይዤ የንስሐ አባታችን ቄስ ሥራዬ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን መጠርጠሬ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበር። እሳቸውም ሁሉን መርምሩ፣ መልካሙን ያዙ የተባለው ለእኛም ነው፤ አንተ ግን ልጄ፣ መመርመሩን ይዘህ መያዙን እንዳትረሳ አሉኝ። ወረቀቱን አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና፣ ሐዋርያት የጻፉት የታመመ እንዲጽናና፣ የተጣላ እንዲታረቅ፣ የተራበ እንዲታሰብ ነው፤ ሰውን ከሐኪሙ የሚያጣላ ቃል ከእነሱ ዘንድ አልወጣም አሉኝ። ሌላም ብዙ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ስለ ጠላ ስለነበር ዘለልኩት።

ከትናንት በስቲያ ጥር 12 ማኅበራችን ወጣ። እንደሻውን በሙሳ መንገድ ያዝኩት። ከማን ተቀበልከው አልኩት። ከአንድ አባት አለ። ስማቸው ማነው ስለው በእምነት ጉዳይ ስም አይጠየቅም አለ። ዕፀገነት ይህን ጊዜ ጽዋውን አስቀምጣ፣ አያ እንደሻው፣ መድኃኒት ይተው ካሉ ያንን መነጽር ለምን አያወልቁትም አለችው። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ኋላ ግን አፈርኩ፤ ምክንያቱም ሰውየው እውነትም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ማሸት ጀመረ። ለእኔም የመጣው የማከብረው ሰው ስም ተጽፎበት ነው፤ ወረቀቱን ሳይሆን ስሙን ነው ያመንኩት አለ። ያታልላል ብዬ ስጠረጥረው የኖርኩት ሰው እንደ እርስዎ የታለለ ሆኖ አገኘሁት።

እትዬዬ፣ በእኔ ስም የመጣውን ያንን ወረቀት ከትራስዎ ሥር አውጥተው ለሃና ይስጧት። ኪኒንዎን ጠዋት በውኃ ይዋጡ፤ ምላስዎን አንሥተው ያሳዩዋት። ጸሎትዎን አይተዉ፣ ጠበልዎንም አይተዉ፤ ሐኪሙንም አይተዉ። ጳውሎስ ካባውን አምጡልኝ ያለው እግዚአብሔር አያሞቀኝም ብሎ አይደለም። እኔ ከእርስዎ ሌላ እናት የለኝም።

ሃናን፣ ስለ ደወለችልኝ ሁለት ጊዜ ይሳሙልኝ። ለባለቤቷ ለግርማ ሰላም ይበሉልኝ፤ የላከልኝ ሱሪ ወገቡ ጠቦኛል፣ ጥፋቱ የሱሪው ነው። ለልጃቸው ለትንሿ ኤደን ይህን ደብዳቤ ጮክ ብላ እንድታነብልዎት ይንገሯት፤ በፊደሌ ከሳቀችብኝ ግን የእሷን አይቻለሁ። ዕፀገነት ጉልበትዎን ስማለች። ሙሳም ሰላም ብሎዎታል፤ በሱ በኩል ለጤናዎ ዱዓ ተደርጓል።

አንድ ነገር ቀረኝ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ውሸት አለ፤ የሐሰት ወረቀት በሐሰት አይሻርምና ልናገር። እስክሪብቶ ያስጨበጠኝ ሰው የለም። እንደሻው ወረቀቱን አድሎ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። እኔ ስሜን መጻፍ ከቻልኩ ሦስተኛ ቀኔ ነበር፤ ከሥር ባዶ ቦታ አየሁ፣ ከዕፀገነት ቦርሳ እስክሪብቶ አውጥቼ በሁለቱም ላይ ራሴ ጻፍኩት። ያን ሰሞን በዱቄት ከረጢት ላይም ጽፌአለሁ። እርስዎ ወንድሜ አምኖበት ነው ብለው ኪኒንዎን ቀበሩ፤ እኔ ግን ስሜን ያሰፈርኩት ስላመንኩበት አልነበረም፤ መጻፍ ስለቻልኩ ነው። ይህን ደብዳቤ ግን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የምፈርመው።

ወንድምዎ ሀብተወልድ
ሐረር፣ ፈላና በር
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.